ኮከቦቼ ለምን ክብ አልሆኑም? ከጅግጅጋ እስከ ሀርሺን ያለ አንድ ሌሊት

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጅግጅጋ

የአይሱዙው ክላክስ ሁለቴ ሲጮህ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አስገብቼ በሌላው እየዘለልኩ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጋቢ ትጠቀልልልኛለች። «በየቦታው ስትደርሺ ደውዪ። ኔትወርክ ከሌለ ያለበት ቦታ ፈልጊና ደውዪ።» እማዬ ነርስ ናት፤ ትእዛዟም እንደ መድኃኒት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ።

ውጪ ገና ጨለማ ነው፤ የጥር ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። መኪናው ላይ ሩዝ፣ ስኳርና ዱቄት ተጭኗል። ጋቢናው ውስጥ ጓደኛዬ ሆዳን አጎቷ አጠገብ ተኮራምታ ተቀምጣለች። አጎቷ አዴር ፋራህ ይባላሉ። «አዴር» በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ የሆዳን አባት ወንድም ቢሆኑም እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። ዕቃውን ሀርሺን አድርሰው ነገ ጠዋት ይመለሳሉ። እኛ ደግሞ ሀርሺን ባሉት የሆዳን አክስት ቤት አድረን ሰማይ ፎቶ እናነሳለን።

አዎ፣ ሰማይ። ኦሪዮን የሚባሉትን ኮከቦች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሦስቱ በአንድ መስመር እንደ ቀበቶ የተደረደሩት። ከቀበቶው ዝቅ ብሎ ኔቡላ የሚባል የጋዝና የአቧራ ደመና አለ። እዚያ ውስጥ ኮከቦች ይወለዳሉ! በዓይን ሲታይ የደበዘዘች ነጥብ ናት። ካሜራ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ሲያያት ግን ሮዝ ክንፍ ታወጣለች። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ከሴሚስተሩ ዕረፍት በኋላ ዐውደ ርእይ ስላለው፣ «የኔቡላውን ፎቶ እኔ ራሴ አነሳለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ከቤታችን ጣሪያ ላይ ሁለት ሌሊት ሞከርኩ። ሰማዩ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። ኮከቦቹ ተጎተቱ። ይባስ ብሎ በእያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያ ጭጋግ ነበረ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ዮናስ ፎቶውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ማህሌት፣ ይኼ ኮከብ ሳይሆን ሩዝ ነው፤ ያውም ሾርባ ውስጥ የገባ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ ግን ለብቻዬ ጠርተው «ከኢንተርኔት አውርጄ ያሳተምኩት አለ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ደህና ፎቶ ካመጣሽ ያንቺ ይሰቀላል። ካላመጣሽ ያኛው» አሉኝ።

ካሜራው ደግሞ የኔ አይደለም። በሰፈራችን ፎቶ ቤት ያላቸው የጋሽ ታደለ ነው፤ ሰርግ ያነሱበታል። የስኳር ቁስላቸውን ለወራት ያጠበችላቸው እማዬ ስለሆነች እምቢ ማለት አልቻሉም። «ዓርብ ከሰዓት ሰርግ አለኝ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት እጄ ይግባ» ብለዋል። ስለዚህ ያለኝ አንድ ሌሊት ነው። አንድ!

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቀብሪበያህ

አስፋልቱ ጥሩ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊታችን ስትወጣ ሜዳው መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ የማር ቀለም ያዘ። ግመሎች መንገዱን የሚያቋርጡት የራሳቸው ስለሆነ ነው፤ አዴር ፋራህም በክብር ቆመው ያሳልፏቸዋል።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ሻንጣዬን ከፈተና የእንጨት መሣሪያዬን አወጣ። ሁለት ጣውላ ነው፣ እንደ መጽሐፍ በማጠፊያ የተያያዘ፤ መሐሉ ላይ ረጅም ብሎን ገብቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የኮከብ መከተያ።»

«የምን?»

«መሬት ስለምትዞር ኮከቦቹ የሚሄዱ ይመስላሉ። ካሜራውን ላዩ ላይ አስሬ ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር ሳዞረው አብሯቸው ይሄዳል።»

ፖሊሱ ወደ አዴር ፋራህ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

«አቦ ሰማይ ልታነሳ ነው ሀርሺን የምትሄደው!»

«ሰማይ እዚህ የለም እንዴ?»

«አለ» አልኩ፣ «ግን ብርቱካን ነው።»

ጣውላውን በሁለት እጁ፣ ልክ እንደ ሕፃን፣ መለሰልኝ። «የሠራው አናጢ ማነው? አልጋ የሚሠራልኝ እየፈለግሁ ነበር።»

ቀብሪበያህ ላይ ስኳሩ እስኪራገፍ ሻይ በወተት ጠጣን፤ ብርጭቆው ሃያ አምስት ብር፣ ቅመሙ ጉሮሮ የሚያሞቅ። ላሆሁ ገና ከምጣዱ የወረደ፣ ስስና ዓይን የበዛበት፣ በማር። ሆዳን የኔን ግማሽ በላችብኝ።

«ናያ፣ ፎቶው እምቢ ካለ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ አፏን ሞልታ፤ «ናያ» በሶማሊኛ «አንቺ» ማለት ነው።

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

እማዬ ጋ ደወልኩ። የመጀመሪያው መድኃኒት ተወሰደ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሀርትሼክ

ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ አቧራው ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ ይመስላል። ቅንድባችን ነጭ ሆኗል፤ ሆዳን የሰማንያ ዓመት አሮጊት መስላለች፤ እኔም እንደዚያው እንደሆንኩ ነገረችኝ። ካሜራውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጋቢ፣ ጋቢውን በክንዴ አቅፌያለሁ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እኔ እነጥራለሁ፤ ካሜራው ግን አልተነቃነቀም።

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፤ ሙዝ ከጎኑ። ጅግጅጋ የመጣን ሰሞን እማዬ ሙዙን «ለበኋላ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከት ነበር። አሁን እኔ ከሩዙ ጋር አንድ ላይ ካልጎረስኩ አይጥመኝም።

አዴር ፋራህ ኔቡላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ጠየቁኝ። «በኪሎ ሜትር አይነገርም። ብርሃኑ ከዚያ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል» አልኩ። ሹካቸውን አስቀመጡ። «ያውም ኬላ ሳያቆመው» አሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሀርሺን

ሀርሺን ሜዳ ነው። ተራራ የለ፣ ፎቅ የለ፤ መሬቱ ሄዶ ሄዶ ሰማይ ሥር ይገባል። በቆርቆሮ ቤቶቹ መሐል በግ፣ ፍየልና ግመል፤ በየግቢው ቢርካ አለ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ።

የሆዳን አክስት ኤዶ ሰሃራ («ኤዶ» የአባት እህት ማለት ነው) የከተማው ጫፍ ላይ ነው የሚኖሩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ወፍራም። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ሆዳን ታስተረጉማለች። ወንድማቸውን አቅፈው እንደጨረሱ የኔን ጣውላ አይተው ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«በር ይዛ መጣች፣ ቤቱ የት አለ? ነው ያሉት።»

የግመል ወተት ሰጡን። ከዚያ ከቢርካው አጠገብ ያለውን የሲሚንቶ ወለል አሳዩኝ። የማይነቃነቅ! መሣሪያዬን እዚያ ላይ ተከልኩ። ከጣውላው ሥር አርባ አምስት ዲግሪ የተቆረጠ እንጨት አለ፤ ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ቀና ብሎ እንዲያይ ያደረግሁት ነው። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰውዬ እንዲህ ነበር የሠራው፤ እኔም በሚሊ ሜትር ሳልሳሳት ገለበጥኩት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እዚያው

እንዴት ልጻፈው?

ጅግጅጋ ላይ ኮከብ እቆጥር ነበር። እዚህ መቁጠር የሚባል ነገር የለም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ተጨናንቋል፤ ከአድማሱ ጀምሮ ነው ኮከቡ የሚጀምረው፣ ግመሎቹ እግር ሥር። ሆዳን እጄን ያዘችኝ። እሷ ስንት ጊዜ እዚህ አድራለች፤ ግን ቀና ብላ አይታ አታውቅም ነበር፣ ወላሂ ብላ ማለች። በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ትንንሽ ኮከቦችን አሳየችኝ፤ ኤዶ ሰሃራ ኡሩር ይሏቸዋል።

በቀይ ፌስታል የሸፈንኩትን የስልኬን መብራት ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ሆዳን ሰከንድ ትቆጥራለች፤ እኔ ብሎኑን አዞራለሁ። ሠላሳ ሰከንድ። ካሜራው ጠቅ አለ። ሁለታችን በትንሿ ስክሪን ላይ ተደፋን።

ሰማዩ ጥቁር ነው! ብርቱካኑ ጅግጅጋ ቀርቷል። አንዱ ችግር ሄደ ብዬ ልጮህ ስል አጉልቼ አየሁት። ኮከቦቹ ሩዝ ናቸው። ዛሬም ሩዝ።

ብሎኑን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ፈጠን አድርጌ አዞርኩ። ሆዳን በሶማሊኛ ቆጠረች፣ በአማርኛ ቆጠረች። ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሩዝ። አንድ ሰዓት እንደዚህ አለፈ። ጣቶቼ ደነዘዙ። የመምህር ዮናስ የታተመ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሎ ይታየኝ ጀመር።

አዴር ፋራህ ከእራት ወጥተው ጥርሳቸውን እየፋቁ አጠገባችን ቆሙ። «ያ ጣውላ የት ነው የሚያየው?»

«የሰሜን ኮከብን። የማይንቀሳቀሰውን።»

በማጠፊያው አቅጣጫ ቀና ብለው አዩ። «አቦ እዚያ ምን አለ?»

«ኮከቡ ነዋ!»

«ወላሂ የለም። እኔ ይሄን መንገድ በሌሊት ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ከጅግጅጋ ስመጣ በግራ መስኮቴ ነው የማየው። ከመስኮቱ የታች ጠርዝ ከፍ ብሎ አያውቅም።» እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። ዝቅ አድርገው፣ ከአጥሩ እሾህ ትንሽ ብቻ በላይ። «እሱ ነው። ሰነፉ።»

አንዲት ብቸኛ፣ ደብዘዝ ያለች ኮከብ።

ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ፏ አለ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቆምሽበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው! በጂኦግራፊ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ አግኝቼዋለሁ። የቪዲዮው ሰውዬ አገሩ ሩቅ ሰሜን ስለሆነ ኮከቡ የሰማዩ እኩሌታ ላይ ነው ያለው፤ አርባ አምስት የሱ ቁጥር ነው። የኛ ዘጠኝ ነው። ጣሪያችን ላይ ሆኜ ኮከቡን አይቼው አላውቅም፤ የጎረቤት ፎቅ ይሸፍነዋል። እኔ የሰው አገር ሰማይ ቆርጬ ነው ይዤ የመጣሁት።

እንጨቱን ፈትቼ ጣልኩት። ግን ዘጠኝ ዲግሪ ከየት ይምጣ? አዴር ፋራህ ከጎማው ሥር ታኮ አመጡ፤ ዳገት ላይ መኪና እንዳይንሸራተት የሚደገፍበትን ሦስት ማዕዘን እንጨት። ትልቁ በዛ፤ ትንሹን ገፋ መለስ እያደረግን፣ እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ በማጠፊያው መስመር እያነጣጠርኩ፣ ሆዳን ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ ኮከቧ መስመሩ ላይ ገባች።

ጠቅ። ሠላሳ ሰከንድ።

ክብ! ኮከቦቹ ክብ ሆኑ! አዴር ፋራህን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ እዚያው

ግን ጭጋጉ አለ። እያንዳንዱ ኮከብ ነጠላ የለበሰ ይመስላል፤ ኔቡላዋም ጥጥ ሆናለች።

ፎከስ ይሆናል አልኩ። ደማቁን ኮከብ አጉልቼ ቀለበቱን በፀጉር ስፋት እያንቀሳቀስኩ የመጨረሻ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን አስተካከልኩ። ነጠላው አልወለቀም። «ትንፋሽሽ ነው» አለች ሆዳን፤ አፌን በጋቢ ያዝኩ። አልወለቀም። አቧራ ይሆናል ብዬ በጥጥ ጠረግሁት። አልወለቀም። ኦሪዮን አናታችን ላይ ወጥቶ ጨርሶ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምሯል። ልቤም አብሮ እያዘነበለ ነው።

ሆዳን መብራቱን ከጎን አድርጋ ሌንሱን አየችው። «ማሂ፣ ይሄ የፊት መስታወቱ ለምን እንዲህ ነው? ሳሙና የደረቀበት ይመስላል።»

ትንንሽ ነጠብጣቦች፣ መስታወቱ ውስጥ። ዙሪያውን ደግሞ ቀጭን ቀለበት፣ ከሌንሱ የተለየ።

ለጋሽ ታደለ ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ አነሱ።

«ካሜራዬን ሰበርሽው?»

«አልሰበርኩም! ሌንሱ ፊት ያለው መስታወት ምንድን ነው?»

«እሱማ የሙሽራ ፊልተር ነው! ፊት ያለሰልሳል፣ ብጉር ያጠፋል፣ ዙሪያዋን ብርሃን ያደርጋል። ከገዛሁት ጀምሮ ፈትቼው አላውቅም።»

«ጋሽ ታደለ፣ እኔ የማነሳው ኮከብ ነው!»

«ታዲያ የኮከብ ፊት ቢለሰልስ ምን ይጎዳል?»

ሆዳን መሬት ላይ ወደቀች በሳቅ። እኔ ግን ለመፍታት ስሞክር ንቅንቅ አላለም። የስንት ሰርግ ላብና አቧራ አጣብቆታል። ጠበቅ አድርጌ ይዤ ጠመዘዝኩ፤ ጣቶቼ ነጡ። እንደገና። ቢሰነጠቅስ? ነገ ያቺ ሙሽራ በምን ልትነሳ ነው?

ኤዶ ሰሃራ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ሌንሱን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፤ አንድ ነገር ተናገሩ።

«አትጭመቂው ነው የሚሉት» አለች ሆዳን። «ክብ ነገር ስትጨምቂው ይጣመምና የባሰ ይነክሳል። የወተት ዕቃ ክዳን ጨምቀሽ አትከፍቺም።»

ከአዴር ፋራህ መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን የካላማዳሪያ፣ የውስጥ ጎማ፣ ቁራጭ አስመጡ። ጎማውን በቀለበቱ ዙሪያ እኩል ጠቀለሉ፣ መዳፋቸውን ከላይ ከፍተው አሳረፉ፣ ጣት ሳይጠቀሙ፣ ሳይቸኩሉ። ትንሽ የአሸዋ ድምፅ ተሰማ። ቀለበቱ ዞረ።

ጠቅ። ሠላሳ ሰከንድ። ሆዳን መቁጠሯን ረስታ ሹክ አለች፦ «ማሂ…»

ኔቡላዋ ክንፏን ዘርግታለች። ሮዝ ናት፣ መሐሏ ነጭ፣ ጠርዟ እንደ ጭስ የሚሳሳ፤ ኮከቦቹ በመርፌ የተወጉ ነጥቦች። ካሜራውን ለኤዶ ሰሃራ ሰጠሁ። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ተመልሰው ስክሪኑን አዩ።

«ሁልጊዜ እዚያ ነበረ ወይ? ነው የሚሉት» አለች ሆዳን።

«ሁልጊዜ።»

ኤዶ ሰሃራ ቀስ ብለው ተናገሩ። ሆዳን ቃል በቃል አስተረጎመችው። «ልጅ ሆኜ ከግመሎቹ ጋር ስንቱን ሌሊት ከሥሩ አደርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከላዬ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።» ከዚያ ፎቶውን እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

እስከ ስምንት ሰዓት፣ ኦሪዮን እስኪያዘቀዝቅ፣ ሠራን። ኤዶ ሰሃራ አልተኙም። መጨረሻ ላይ ብሎኑን እሳቸው ነበሩ የሚያዞሩት፤ ከኔ ይልቅ እጃቸው እኩል ይሄዳል።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጅግጅጋ

ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም፤ አዴር ፋራህ ለመልስ የጫኗቸው ሠላሳ ፍየሎች ከኋላችን ሲጮኹ እኔና ሆዳን ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደጋግፈን ተኝተናል። ካሜራውን ከነፊልተሩ አስረከብኩ። ጋሽ ታደለ ቆሜ እያየሁ ፊልተሩን መልሰው ገጠሙት። ኮከቦቹ ክብ ሆነው ወጡ ስላቸው «የኔ ደንበኞች ክብ ሆነው መውጣት አይፈልጉም» አሉኝ።

ማታ በእማዬ ላፕቶፕ ፎቶዎቹን አንድ ላይ ደረብኳቸው። አንዱን ፎቶ ለብቻው ስታዩት አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። ግን አሸዋው በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፤ ኔቡላዋ አትቀያይርም። ነፋስ ያንቀጠቀጣቸውን ጥዬ ሰማንያ ስድስቱን ስደርብ አሸዋው እርስ በርሱ ተጣፋና እሷ ብቻ ቀረች። እማዬ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ከኋላዬ ቆመች። ለምን አልደወልሽም ብላ እንኳ አልተቆጣችም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ትምህርት ቤት

መምህር ዮናስ የኢንተርኔቱን ፎቶ አስቀድመው ሰሌዳው ላይ ሰቅለውት ነበር። ትልቅ ነው፤ በዓለም ትልልቅ ቴሌስኮፖች የተነሳ፣ ቀለሙ የሚያቃጥል። ጠዋት ጋሽ ታደለ ጋ ያሳተምኳትን የኔን ከፖስታው ሳወጣ በጣም ትንሽ መሰለችኝ። ጠርዟ ላይ ጨለም ብላለች፤ አንድ ጥግ ላይ ኮከቦቹ አሁንም ትንሽ ይጎተታሉ።

መምህር ዮናስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። እኔ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

«ይኼን በምን አነሳሽው?»

«በሰርግ ካሜራ፣ በሁለት ጣውላና በአይሱዙ ታኮ።»

ፎቶውን ብርሃኑ ላይ ከፍ አድርገው አዩት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ይመስለኛል፤ ብሎኑን አንድ ዙር የምታዞሪበት ያህል።

«ያ ጥግ ላይ ያለው ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን ገና አላወቅሁትም» አልኩ።

«ታውቂዋለሽ።» ወደ ሰሌዳው ሄደው ትልቁን ፎቶ ነቀሉት፣ ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። አራቱን መርፌዎች መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ራስሽ ስቀዪው። አጣምመሽ እንዳትሰቅዪው ብቻ።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ሰቀልኩት።